ኢሊሊ ክፍል ውስጥ ያልተናገረችው

ሮቤራ አስተምሮ ሲጨርስ ክፍሉ አጨበጨበ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት የነርስ ተማሪዎች ናቸው፤ የዚያ ሳምንት ሥራቸው እርስ በርስ መማማር ነበር። አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው አይቶ አስተያየት ይሰጣል። ለሮቤራ የደረሰው፣ ሲወለድ መተንፈስ ላቃተው ሕፃን በማስክና በሚጨመቅ ፊኛ አየር መስጠትን በአሻንጉሊት ማሳየት ነው። አስተያየት ሰጪዋ የቅርብ ጓደኛው ኢሊሊ ነበረች።

«እሺ ኢሊሊ፣ ምን አየሽ?» አሉ አስተማሪዋ ሲስተር የሻረግ።

«በጣም አሪፍ ነበር። ምንም አይወጣለትም።»

ሲስተር የሻረግ ትንሽ ጠበቋት። ሌላ ቃል ስላልጨመረች ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ኢሊሊ ግን ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃታት። ሮቤራ ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ስለነበር እጁን ማንም አላየውም። ከእሱ ቀጥሎ የሞከረው ዳዊ ፊኛውን ሲጨምቅ የአሻንጉሊቱ ደረት ንቅንቅ አላለም፤ አየሩ በማስኩ ጠርዝ ፉስስ እያለ ይወጣ ነበር። ሰኞ ደግሞ ሁሉም ማዋለጃ ክፍል ይመደባሉ።

ከትምህርት በኋላ ወደ ሰፈሯ ወደ ጠመንጃ ያዥ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሳይሞላ ወረደች። ስልኳን አወጣች፣ መልሳ ከተተችው። በመጨረሻ በእግሯ ወደ ሰንጋ ተራ፣ ሮቤራ ወደሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ሄደች፤ የምትለውን መንገዱን ሙሉ እየለዋወጠች። ደውላ እስከ ደረጃው ሥር አስወረደችው።

«ዛሬ ጥሩ አላስተማርክም» አለችው፣ ሰላም እንኳን ሳትለው።

ፊቱ ተለዋወጠ። «አሪፍ ነበር አላልሽም እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ አሁን ልታናድጂኝ ነው የመጣሽው?» ብሎ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

አስቀየመችው እንጂ ምንም እንዳልነገረችው ያኔ ገባት። ተከተለችው።

«ሮቤ፣ ቆይ ስማኝ። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ጀርባህ ብቻ ነበር። ማስኩን በየትኛው ጣትህ እንደያዝከው አላየሁም። ዳዊም አላየም። እሱ ሲሞክር አየሩ በጎን ይወጣ ነበር፤ አንተ ግን ሰዓትህን ነበር የምታየው።»

ሮቤራ ቆመ። «ደረቱ አልተነሳም?»

«አልተነሳም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ፈርቼ ነበር እኮ» አለ። «ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

በማግስቱ ጠዋት ሲስተር የሻረግን አስፈቅደው ጓደኞቻቸውን ሰበሰቡ። ሮቤራ ከጠረጴዛው ማዶ ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ ቆመና እያንዳንዱ ጣት የት እንደሚያርፍ ቀስ ብሎ አሳየ። ዳዊ ሲሞክር አየሩ አሁንም አመለጠው። ሮቤራ ፊኛውን ሊቀማው እጁን ሲሰድ ኢሊሊ ክንዱን ያዘችው።

«ንገረው እንጂ አትሥራለት።»

ሮቤራ እጁን ሰበሰበ። «ማስኩን ወደ ታች አትጫነው፣ ዳዊ። አገጩን ይዘህ ወደ ማስኩ ሳብ አድርገው።»

ደረቱ ተነሳ። ዳዊ አላምን ብሎ ደግሞ ጨመቀ።

ከሰዓት በኋላ የማስተማር ተራው የኢሊሊ ነበር። አስተያየት እንዲሰጣት ሮቤራን ራሷ መረጠች። ገና ከመጀመሯ እጁን አወጣ።

«ድምፅሽ እዚህ ኋላ አይሰማም።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ጀመረች።