የኃላፊዋ ልጅ፣ ሦስተኛ «ለ»

፩

«እርስዎስ? ልጅዎን የት ነው የሚያስተምሩት?»

አዳራሹ ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ጠያቂዋ ልጅ ያዘለች እናት ናት። ተጠያቂዋ የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ወይንሸት ነች፤ ሚስቴ። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጆች ስለ ትምህርት ጥራት ስታስረዳ ነበር። ልጃችን ማራማዊት ደግሞ ያን ጊዜ እኔ ሒሳብ በማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

ወይንሸት መዋሸት አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እኔም ወረቀት ባላበላሸሁ።

«ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ትማራለች» አለች።

ተጨበጨበላት።

፪

ከስብሰባው መልስ፣ ሳሎን ውስጥ የተባለው፦

እኔ፦ ልጄን በጭብጨባ ሸጥሻት።

ወይንሸት፦ ግርማቸው፣ ያ ሁሉ እናት ፊት ምን ልበል?

እኔ፦ ሥራዬ ሌላ፣ ልጄ ሌላ ማለት ነበራ።

ወይንሸት፦ ሌላ አይደለማ! ለሰው ልጅ ይበቃል የምለው ለልጄ ካልበቃ ለማንም አይበቃም።

እኔ፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

ሳቀች። በዚያ ሳቅ ተሸነፍኩ። ደግሞም ልክ ነበረች። ዛሬም ልክ ናት እላለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

፫

የሹም ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት፦

ዩኒፎርሙን ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ አሰፉ፤ ልጅ ያድጋል። «እናትሽ ምን እንደምትሠራ ለማንም እንዳትነግሪ» በሏት። ከአጥሩ ውጭ ቁሙና ስትሰለፍ እዩአት። አሁን ሂዱ።

ሂዱ እንጂ!

፬

ኢክራም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከቤታችን የማይጠፋ ስም ይሄ ነበር። ኢክራም ሱዚ መዝለል አስተማረችኝ። ኢክራም ሳምቡሳዋን አካፈለችኝ። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ሲጽፉ ሁለቱ ክንዳቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ።

«አይጨንቅሽም?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ኢክራም እኮ እየጠበቀች ታስቀኛለች።»

በግል ትምህርት ቤት በነበረችበት ጊዜ የአንድም ጓደኛዋን ስም ሰምቼ አላውቅም።

፭

አንድ ቀን ወይንሸት ልጇን ልትወስድ በሩ ላይ ቆመች። ልጇ የትኛዋ እንደሆነች እስከዚያ ቀን ያላወቁት ርዕሰ መምህሩ አቶ ደምሰው አዩዋት። ማራማዊት «እማዬ!» ብላ ስትሮጥም አዩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘም። እባካችሁ ይህን አስምሩበት። እኛ አገር ሹም ሊመጣ ነው ሲባል ሳይታዘዝ ይጠረጋል፣ ድንጋይ ሳይቀር ኖራ ይቀባል። እዚህ ግን ሹሟ መጥታ አትሄድም፤ ልጇ በየቀኑ ትመጣለች።

የሦስተኛ «መ» ጎበዝ መምህርት ወደ «ለ» ተዛወረች። ደህና ደህናው ዴስክም ከ«መ» ወጥቶ «ለ» ገባ። «ለ» ተጨናንቋል ተብሎ ከተማሪዎቹ ግማሹ ወደ «መ» ሄደ።

ኢክራምም ሄደች።

ማራማዊት ለብቻዋ አንድ ዴስክ ተሰጣት።

፮

ወይንሸት የልጇን ክፍል አይታ መጣች፤ ፊቷ በርቷል። «አየህ? ሲፈለግ ይቻላል!» አለችኝ። «መ»ን አላየችም። እኔም ደስ ብሎኝ አቀፍኳት።

፯

ማራማዊት ምሳ ዕቃዋን ይዛ እረፍት ሰዓት ላይ ኢክራምን ፈለገቻት። የተባባሉትን ኋላ እያለቀሰች ነው የነገረችን።

ማራማዊት፦ ነይ እንብላ።

ኢክራም፦ አልበላም።

ማራማዊት፦ ምን አደረግኩሽ?

ኢክራም፦ እኛ መሬት ላይ ተቀምጠን ነው የምንጽፈው። የ«መ»ን ዴስክ እናትሽ ናት የወሰደችው። ቲቸሯንም።

፰

ወይንሸት በማግስቱ አቶ ደምሰው ቢሮ ገባች።

ወይንሸት፦ ማን አዘዘዎት?

አቶ ደምሰው፦ ኧረ ማንም! አደራ ተቀብለን ዝም እንበል?

ወይንሸት፦ አደራዬ ሁሉም ናቸው!

አቶ ደምሰው፦ ወይዘሮ ወይንሸት፣ ለሦስተኛ ክፍል ያለችኝ ጎበዝ መምህርት አንዲት ናት። ሁሉም ጋ እንዴት ላድርጋት?

አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ። «ዴስኩም መምህርቷም ወደ መ፣ ልጆቹም ወደ ክፍላቸው ይመለሱ» ብላ ወጣች።

ትእዛዙ ሳይጓደል ተፈጸመ። ዴስኩ ተመለሰ፤ መምህርቷ ተመለሰች፤ ኢክራምና ጓደኞቿም ወደ «ለ» ተመለሱ። ከዚያ የኃላፊዋ ልጅ እንዳትጎዳ ተብሎ ማራማዊት ወደ «መ» ተዛወረች።

ኢክራም በአንድ በር ስትገባ ማራማዊት በሌላው ወጣች።

፱

እኔ ጋ፣ ወደ ግሉ ትምህርት ቤት ትመለስ አልኩ። ወይንሸት ብታስወጣት፣ ያቺ ልጅ ያዘለች እናት ፊት ምን ብላ ትቆማለች? ብትተዋት፣ ማራማዊት የሄደችበት ሁሉ የሌላ ልጅ ወንበር ይከተላታል። ሦስተኛ መንገድ ያለው ይንገረን። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን መሥራት አቅቶኛል።

ትናንት ቁርስ ላይ ስንጨቃጨቅ ማራማዊት ዳቦዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ምን የኔ እናት?»

«ለዳይሬክተራችን ልጅሽ እንዳልሆንኩ ንገሪያቸው። ተሳስተን ነው በያቸው። ከዛ ኢክራም ጋ ይመልሱኛል።»

ወይንሸትና እኔ ተያየን። የተቆጣናት መስሏት ቶሎ ጨመረችበት።

«ቤት ስንገባ ልጅሽ እሆናለሁ። በሩ ሲዘጋ። ማንም አያየንም።»

ወይንሸት መለሰችላት። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ። ከታች አሥር ቁጥርን ጻፍኩ፣ ስሟን ጻፍኩ፤ ቃሏን ግን መጻፍ አልቻልኩም። ወላጅ የሆናችሁ ሙሉልኝ።

፲

ወይንሸት፦