የሴሬኖ ጥጆች

ማሪልዳ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ላሟ ውስጥ ከትታ ዓይኗን ጨፈነች። በረጅሙ የፕላስቲክ ጓንት ውስጥ ጣቶቿ የማኅፀኑን ግድግዳ ፈልገው አገኙት። ከወዲያ በኩል ጠንከር ያለ ነገር ተንሳፍፎ ነካት።

"ይቺስ?" አለ ጄኔዚዮ ጅራቷን እንደያዘ።

"አርግዛለች።"

"ይቺም?" ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "ያ የጎረቤቴ የኦዛይር ኮርማ አጥሬን ደጃፉ አድርጎታል ማለት ነው።"

ማሪልዳ ጓንቷን ቀየረች። ከጠዋት ጀምሮ በጠባቡ የእንጨት መተላለፊያ ካለፉት ላሞች ብዙዎቹ እርጉዝ ናቸው። ባዶ ይሆናሉ ብላ ነበር የመጣችው።

የጄኔዚዮን ኮርማ፣ ሴሬኖን፣ ባለፈው ዓመት የመረመረችው እሷ ነበረች። በምትሠራበት የማዳቀያ ማዕከል ለዓመታት የደከመችበት ምርመራ አላት። በኮርማ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ይለካና ኮርማው ማስረገዝ መቻል አለመቻሉን አስቀድሞ ይናገራል። በሴሬኖ ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲኑ የለም ማለት ይቻላል። "ይህ ኮርማ አያስረግዝም" አለች። በጎያስ ግዛት የከብት አርቢዎች ስብሰባ ላይም ይህንኑ ውጤት አቅርባ ተጨበጨበላት። ጄኔዚዮ ቃሏን አምኖ ሴሬኖን ለሥጋ ሸጠው። ነጋዴው ግን መንገዱ በጭቃ ተዘግቶበት ወዲያው አልወሰደውም፤ ሴሬኖ የዝናቡን ወራት ከላሞቹ ጋር ሲግጥ ከርሞ፣ ዝናቡ ሲያባራ ተጭኖ ወደ ቄራ ሄደ።

ማሪልዳ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ናሙናውን በወሰደችበት ቀን ጄኔዚዮ፣ "ሰሞኑን የመዥገር ትኩሳት ጥሎት ነበር፤ አሁን ተነሥቷል" ብሏታል። ትኩሳት የኮርማን ዘር ለሁለት ወር ያህል አበላሽቶ እንደሚለቀው ተማሪ እንኳ ያውቃል። ጠብቃ እንደገና መመርመር ነበረባት። ስብሰባው ስለደረሰ አልጠበቀችም።

"ሐሙስ ገዢ ይመጣል" አለ ጄኔዚዮ ሌላ ላም እየነዳ። "ሁሉንም አራግፋቸዋለሁ።"

"ላሞቹን? ለምን?"

"የኦዛይርን ዲቃላ ላሳድግ እንዴ? አባቴ ያቆየልኝ ንጹሕ ዘር ነው፤ ከተደባለቀ አለቀ። እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ። አንቺ ባትነግሪኝ ደግሞ መካን ኮርማ ስቀልብ እኖር ነበር። እግዜር ይስጥሽ።"

ምስጋናው ከስድብ በላይ አመማት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ኦዛይር ይረገማል፣ ላሞቹ ይሄዳሉ፣ ምርመራዋም ስሟም እንዳለ ይቀራል።

"ጋሽ ጄኔዚዮ፣ የኦዛይር ኮርማ የመጣው መቼ ነው?"

"ዝናቡ ካባራ በኋላ። ለፋሲካ።"

"ፅንሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ እነዚህ የተጠቁት ከዚያ በፊት ነው። የሴሬኖ ናቸው።"

የላሟ ጅራት ከእጁ አመለጠ። "ሴሬኖ መካን ነው ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"ታሞ ስለነበር ነው። እርስዎ ነግረውኛል። ጠብቄ እንደገና መመርመር ሲገባኝ ቸኮልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ላሞቹን አይሽጧቸው።"

ጄኔዚዮ እንጨቱን ተደገፈ። ላሟ ትዕግሥቷ አልቆ መሬቱን ትመታለች።

"ሴሬኖ መኪናው ላይ አልወጣም ብሎ የነጋዴውን ሰዎች አስቸግሯቸው ነበር" አለ። "እኔ ስጠራው ወጣ።"

ማሪልዳ ጓንቷን አወለቀች።

ከቤት በኩል ሚስቱ ኒልዛ ምሳ ደርሷል እያለች ተጣራች። የሚበስል ዶሮ ሽታ እስከ በረቱ ድረስ መጥቷል።

"ሴሬኖን እናቱ ስትሞት በጡጦ ያሳደገችው እሷ ናት" አለ ጄኔዚዮ ወደ ቤቱ ሳያይ። "እኔ ይህን አልነግራትም። አንቺ መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ አልይዝሽም።"

መኪናዋ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነው። ማሪልዳ ቧንቧው ሥር ክንዷን ታጠበች፤ ጭቃ የያዘውን ቦት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ወደ ኩሽናው ገባች። ኒልዛ ሳህን በእጇ ይዛ ፈገግ አለችላት።

"እትዬ ኒልዛ" አለች ማሪልዳ፣ "ሳህኑን ያስቀምጡትና አንዴ ቁጭ ይበሉልኝ።"