የቀትር ውሃ

ዓዲላ ለምሳ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ወጥታ የግቢዋን በር ገና ገፋ ስታደርግ ከጓሮ የውሃ ድምፅ ሰማች። «ያ ረቢ፣ ደግሞ!» አለች በሆዷ።

አከራይዋ እትዬ ኡምኩልሱም ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ጎትተው፣ ቲማቲሙ መሀል ቆመው ያጠጣሉ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የውሃው ጎማ ረፋዱን ሙሉ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ስለዋለ ከአፉ የሚወጣው ውሃ ለሻይ ሊፈላ ትንሽ ነው የቀረው። እሳቸው ግን የሕፃን ራስ እንደሚያጥብ ሰው፣ ከላይ ከቅጠሉ ጀምረው ቀስ እያሉ ያወርዱታል።

«መጣሽ ኢንተላ ኮ፣ መጣሽ ልጄ? ደክሟት ትመጣለች ብዬ አጠጣሁልሽ።»

«አላህ ይስጥልኝ እትዬ» አለች ዓዲላ ጥርሷን ነክሳ።

ባሏ ኢርፋን ለአስተማሪነት ከሚሴ ሲመደብ ተከትላው ከደሴ ከወረደች ዓመት አልሞላትም። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራጭ መሬት የሰጧት ራሳቸው እትዬ ናቸው። ከኢድ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ተከለችባት፤ ዳር ዳሩን ባሚያ ዘራች። የከሚሴ ሙቀት ከወበቁ ጋር ተባብሮ ተክል እንደሚጨርስ ስለተነገራት ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። ሥሩን በጭድ ሸፍኚው አሏት፤ ሸፈነችው። እትዬ ጭዱን ጠራርገው ለጎረቤት ላም ሰጡት። «ግቢሽ ቆሻሻ ሞልቶት፣ አፀዳሁልሽ» አሏት። ጥላ ሥሪለት አሏት፤ ጆንያ በእንጨት ወጥራ ሠራች። ማታ ስትመለስ ጆንያው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። «ተክል ያለ ፀሐይ ያድጋል እንዴ?» አሏት እትዬ፣ በእውነት ገርሟቸው።

«አንተ ንገራቸው» አለችው ኢርፋንን።

«ምን ብዬ? ደግነትዎን ይተዉልን ልበላቸው?»

«ቲማቲሜን ቀቀሉብኝ በላቸው!»

«እሱን እንኳ አንቺው በያቸው» ብሎ ሳቀ። መሳቁ ደግሞ ይበልጥ አበገናት።

እና ያን ቀን ቀትር ላይ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ አንዱ ቲማቲም ሥር ቁጢጥ አለች። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ነካ ብታደርገው እጇ ላይ ቀረ። አበባው መሬት ላይ ረግፏል። ከዚያ በኋላ አፏን መያዝ አልቻለችም።

«እትዬ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይተዉት! ውሃው እኮ ፈልቷል! ቅጠሉ እንደረጠበ እየዋለ ሻገተብኝ! ጭዱን የጎዘጎዝኩት እኔ ነኝ፣ ጆንያውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ደግሞ በየቀኑ...»

ጎረቤታቸው ዘምዘም ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። ዓዲላ ያኔ ነው በማን ላይ እየጮኸች እንደሆነ ትዝ ያላት።

እትዬ ጎማውን ከእጃቸው ጣሉት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አትነግሪኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ሱብሃነላህ! እኔ ደግሞ ‹ይቺ የደሴ ልጅ ተክላ ረሳችው፣ አንድ ቀን ስታጠጣ አላየኋትም› እያልኩ ከዘምዘም ጋር ስናማሽ ከረምን።»

«የማጠጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እርስዎ ሱብሂ ሰግደው ጋደም ሲሉ!»

«እኔስ አላማኋትም» አለች ዘምዘም፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እትዬ አኮረፉ። ሰላምታዋን በአንገታቸው ብቻ እየመለሱ ሰነበቱ። ዓዲላ መናገሯ ቢያሳፍራትም ቲማቲሟን ባየች ቁጥር ንዴቷ ይመለሳል፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ትነሳና መልሳ ትቀመጣለች። አንድ ማለዳ ግን ባልዲ ይዛ ስትወጣ እትዬ ቀድመዋት ደርሰዋል። መስገጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ በጣሳ ያጠጣሉ።

«ሥሩን ብቻ ነው አይደል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አዎ፣ ሥሩን ብቻ። ባለፈው በመጮኼ ግን አውፍ ይበሉኝ እትዬ።»

«አውፍ ብያለሁ። ይልቅ ጭድሽን አምጪ።»

ግማሹ ቲማቲም አልተረፈም። ነቅለው ጣሉትና በቦታው ሙቀት የማይበግረውን ባሚያ ጨመሩበት። የተረፈው መልሰው ከሰቀሉት ጆንያ ጥላ ሥር አገገመ፤ ሰኔ ሲገባም ቀላ። ዓዲላ ለጁምዓ ምሳ ብላ ሳትቆርጠው አቆየችው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቅርጫት ይዛ ጓሮ ስትገባ አንድም ቀይ ፍሬ የለም።

«እትዬ! ቲማቲሙስ?»

«ለዘምዘም ሰጠኋት፣ በደጅ ላለፈው ባጃጅ ሹፌርም፣ ከመስጊድ ለወጡትም አካፈልኩ። ሁሉም ‹የማን ነው?› ሲሉኝ ‹የልጄ ነው› አልኳቸው። እንዴት እንደመረቁሽ ብትሰሚ!»

በዚህ ጊዜ ዓዲላን እፍረት የሚባል አልያዛትም። «እኛስ ምን እንብላ?»

«ባሚያው ሞልቶ የለም እንዴ?»

ዓዲላ ቢላዋ ይዛ ወደ ባሚያው ዞረች። እያጉረመረመች የመጀመሪያውን ስትቆርጥ፣ እትዬ ከኋላዋ መጥተው አጎነበሱ።

«እሱን ተይው ኢንተላ ኮ፣ ትንሽ ይደግ።»