የግራ ጠርዙ ጥላ

«እንግዲያው እጄ ነው በለኛ። ዙሪያውን አትዙር፤ በአፍህ በለው» አለች ኢጅላል።

ባቢከር ከማድረቂያው ገመድ የተንጠለጠለውን ፊልም በሁለት ጣቱ ጠርዙን ይዞ ወደ መስኮቱ አቀናው። ከአሥራ ሁለቱ ምስሎች በዘጠኙ ላይ ያው ነገር አለ፤ በአንደኛው ወገን ከላይ እስከ ታች የወረደ፣ ሳሳ ያለ፣ መስታወት የመሰለ ሰንበር። ኔጋቲቩ ላይ የሳሳው ወረቀቱ ላይ ይጠቁራል። ፎቶው ሲታተም በግራ በኩል የተቀመጠችው ሴት፣ ማንም ትሁን ማን፣ ግማሽ ፊቷ ማታ፣ ግማሽ ፊቷ ቀን ይሆናል።

ማጠቢያው እንዳልሆነ ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳት። የስቱዲዮውም የሠርጉም ፊልም በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ጣሳ ታጥቦ የስቱዲዮው ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል። እሷም የስቱዲዮውንም የሠርጉንም ያነሣው የእሷው አንድ እጅ መሆኑን ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳችው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ጭቅጭቁ ያላለቀውም ለዚህ ነበር።

ባቢከር በኦምዱርማን፣ አቡ ሮፍ ሰፈር፣ ከአባቱ የወረሰውን ስቱዲዮ ያሠራል። ኢጅላል ካገባችው በኋላ ካሜራ ያስተማራት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን እሱ ሊገባባቸው የማይችላቸውን ቤቶች ይዛለች። ሙሽራ በሴቶች መሐል ስትጨፍር ወንድ አያይም፤ ፎቶ አንሺም ቢሆን ወንድ ወንድ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ዓይኑን ካሜራ አንግታ የምትሄደው እሷ ናት።

ጥላው የመጣው በቅርቡ ነው። ከሦስቱ የመጨረሻ ሠርጎች የአንደኛው ሙሽራ እናት በትልቁ የታተመውን ፎቶ መልሳ ልካ ነበር። እኅቴ ሙሽራዋ አጠገብ ተቀምጣ የዋለች ሰው እንጂ ከጓዳ ብቅ ያለች ጅን አይደለችም ብላለች አሉ። አሁን ደግሞ የሐሙሱ ሠርግ መጣ። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ግማሽ የከተማው ሴት ይጠራበታል። ባቢከር አንችልም ብለን እንላክ ይላል። ኢጅላል የሚታያት ሌላ ነው፤ ይሄን ቤት እምቢ ካሉ ምክንያቱ እስከ ዓርብ ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ከዚያ በኋላ እሷን የሚጠራ የሴቶች ድግስ አይኖርም፤ ካሜራውም ተመልሶ የባቢከር ብቻ ይሆናል።

«እስከ ረቡዕ ስጠኝ» አለችው። «ረቡዕ ካላወቅሁት ራሴ ሄጄ አልችልም እላቸዋለሁ።»

ባቢከር ሰነፍ አልነበረም፤ ከእሷ ጋር ምክንያቱን ፈለገ። በመጀመሪያ የካሜራውን ጀርባ ጠረጠረና ተወው። ብርሃን በስንጥቅ ቢገባ ኖሮ ኔጋቲቩ ይጠቁር ነበር እንጂ አይሳሳም፤ ከምስሉ አልፎም የፊልሙን ባዶ ኅዳግ ይበላ ነበር። ይሄኛው ጥላ ግን ከምስሉ ክፈፍ አንዲት ክር ታህል አይወጣም። የፀሐይ መከላከያውን ከካሜራው ዓይን ላይ አወለቀ። ሆዱን ከፍቶ የተጣበቀ ነገር፣ የተቀደደ ጥቁር ወረቀት ፈለገ፤ ምንም የለም። ከዚያ በኖራ በተቀባው የግቢ ግንብ ላይ አንድ ጥቅል ሙሉ አነሣ፤ ንጹሕ ወጣ። ኢጅላልም ግራጫ ጋዋኗን እንደለበሰች ያንኑ ግንብ አነሣች፤ የእሷም ንጹሕ ወጣ።

ይሄን ጊዜ ነው ባቢከር ሳያስበው ቃል ያመለጠው። ድግስ ላይ ትገፊያለሽ፣ ጣትሽ ዓይኑ ላይ ይወጣል መሰለኝ አላት። ኢጅላል ያን ቀን ለእራት ኪስራውን፣ ስስ የማሽላ እንጀራውን፣ አቀረበችለትና እሷ ከአማቷ ከሐጃ በቱል ጋር በላች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ባቢከር ደንበኛ ሲያነሣ፣ የሦስቱን ሠርጎች ኔጋቲቮች ሁሉ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘረጋች። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም ያዩት የተበላሹትን ነበር። እሷ አሁን ያልተበላሹትን መለየት ጀመረች። በየጥቅሉ ሁለት፣ ሦስት አለ። አጉሊ መነጽሩን ይዛ በላያቸው ተደፋች። በሁሉም የሴቶቹ አናት ላይ የተከፈለው ፀጉር፣ የሙሽራዋ የራስ ወርቅ፣ መሬት የተነጠፈው ምንጣፍ ይታያል። ሁሉም ከላይ ወደ ታች የተነሡ ናቸው። መቼ እንዳነሣቻቸው አልጠፋትም፤ ሰው ሲበዛባት የገመድ አልጋ ላይ ወጥታ ነው። አልጋ ላይ ከመውጣቷ በፊት ምን እንደምታደርግ ስታስታውስ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጠች።

ወደ ቤት ገብታ የክት ቶቧን፣ ያንን ካለፈው በዓል ወዲህ የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ጨርቅ፣ ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠመጠመችና ጫፉን በግራ ትከሻዋ ጣለች። ደንበኛው ሲሸኝ ባቢከርን ግቢ ጠራችውና በርጩማ ላይ ተቀመጥ አለችው።

«እኔን? እኔ ለፎቶ ተቀምጬ አላውቅም።»

«ለዚህ ነዋ ያላየኸው። እኔን ተወኝ፤ ታችኛውን ዓይን ብቻ እይ።»

ያ ካሜራ ሁለት ዓይን አለው፤ በላይኛው ያያሉ፣ በታችኛው ያነሣሉ። ኢጅላል ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ድግስ ላይ እንደምታደርገው አንገቷን ደፍታ ወደ መስታወቱ አየች። አንገቷን ስትደፋ ቶቡ ከራሷ ተንሸራተተ። ሳታስበው በግራ ክንዷ ያዘችው፤ ጨርቁም በክንዷ ላይ አልፎ ካሜራው ፊት ተንጠለጠለ። መስታወቱ ላይ ባቢከር ከነበርጩማው ጥርት ብሎ ይታያታል።

«እ?» አለችው ቀና ሳትል።

ባቢከር ከበርጩማው ወደ ፊት ሰገገ። «ሸፈነው» አለ። «ታችኛውን ብቻ። ከጎኑ፣ ሩብ ያህል። አሁን ደግሞ ለቀቀው። ስትተነፍሺ ይሄዳል ይመጣል።»

«አሮጌው ቶብ ወፍራም ነበር፤ ትከሻ ላይ ይቆማል። ይሄ ሐር ነው። አልጋ ላይ ስወጣ ደግሞ እንዳይጠልፈኝ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ጣትሽ ነው አልኩ።»

«ብለሃል።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁን ሊደብቅ ጢሙን ይጠርጋል፤ እሷም ስቀህ ጨርስ፣ ከዚያ ፊልሙን ታጥበዋለህ አለችው። ስድስት ቶቡ እንደወደቀ፣ ስድስት ወገቧ ላይ ታስሮ አነሣችው፤ በአሥራ ሁለቱም ላይ ባቢከር አፉ ተከፍቶ ወጣ። ስድስቱ ጥላ አላቸው፣ ስድስቱ የላቸውም። ያን ማታ ሳትጠይቀው ራሱ ወደ ትልቁ ቤት ሄዶ ሐሙስ ትመጣለች ብሎ ተመለሰ።

የቀሩት ሐጃ በቱል ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ ቶብ ወገብ ላይ የምታስር ሴት ሳህን ልታጥብ የመጣች ናት አሉ። እዚያ ቤት ማን ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ምን እንደሚል በስም እየጠሩ ዘረዘሩላት። ኢጅላል እስኪጨርሱ ጠብቃ፣

«ሐጃ፣ ፎቶው ላይ እኮ እኔ አልወጣም» አለች። «የሚወጡት እነሱ ናቸው። ሙሉ ፊታቸውን ከሰጠኋቸው ወገቤን የሚያስታውስ የለም።»

ሐጃ በቱል ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በፊት ግን ምራታቸውን አጠገባቸው አስጠርተው የቶቡን ጫፍ ራሳቸው ወሰዱት። አንዴ በጀርባዋ፣ አንዴ በብብቷ ሥር አዙረው፣ እጥፋቱን በጣታቸው አስተካክለው ቋጠሩት። ቋጠሮው ውስጥ ገብቶ አይታይም። ጎንበስ በይ አሏት፣ ጎንበስ አለች፤ አልተንቀሳቀሰም። ቀና በይ አሏት። ኢጅላል ወገቧ ጠበቅ ሲል ደስ አላት፤ አምስት ጥቅል ፊልም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ባቢከር የወተት ሻይ ይዞ ወጥቶ ቋጠሮውን አየና አባቴም ቢኖር ይሄን አያውቅም ነበር አለ።

«አባትህ? አባትህ አጎትህን ያለ ራስ አንሥቶት የለም እንዴ» አሉ ሐጃ በቱል።

«ዩማ፣ እናቴ፣ እሱ አጎቴ ብድግ ብሎ ነው።»

«አልተነሣም። እዚያው ነበርኩ፤ በጎርፉ ዓመት ነው።»

ከጎርፉ በኋላ ነው አላቸው፤ ወንዙ ገበያው ድረስ ከገባበት ዓመት ጀምሮ ቆጠረ። እሳቸውም የአጎቱን ልጅ ልደት እያሰቡ በጣታቸው ቆጠሩ፤ አንድ ዓመት ጎደላቸው፤ እንደገና ጀመሩ። ኢጅላል ካሜራውን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ በመሐላቸው አለፈችና የግቢውን በር ከኋላዋ ዘጋች። ባቢከር አጎቱ በዚያ ዓመት ገና ዋድ መደኒ ከተማ እንደነበረ እየማለ ነበር።