ስምንት ጥቁር ፎቶ

«ጢጥ!»

ሐሚዳ ከፍራሹ ልትነሣ ስትል ሁለት ሴቶች ትከሻዋን ተጫኑ። «ሰብር አድርጊ እንጂ!» ሐዘኑ ያስነሣት መስሏቸዋል። ያስነሣትስ ከመስኮቱ ማዶ፣ ከወንዶቹ ድንኳን የመጣው ድምፅ ነው። የሟቹ ባሏ የኢስሐቅ ካሜራ ፎቶ በተሰረዘ ቁጥር እንዲያ ይላል።

«ሞልቷል ይለኛል» አለ የባሏ ወንድም ያሕያ። ለተዚያ፣ ለለቅሶው፣ ከወሎ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጥቶ፣ ድምቀቱን ጅዳ ያለው ወንድማቸው በፎቶ ካላየው ለያሕያ ኢስሐቅ የሞተ አይመስለውም። ፎቶው እንዴት እንደሚላክ ገና አላሰበበትም። «የሞላው ደግሞ በምን መሰላችሁ? በጥቁር! ወላሂ አንድ ሰው የለበትም።»

«ጢጥ!»

ኢስሐቅ ቦሌ ካርጎ የሰው ዕቃ ወደ ሰማይ ሲጭን የኖረ፣ ራሱ ግን ከቤቱ ጣሪያ በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ፊልም የማይጎርስ ካሜራ ገዛ። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሲራገም እሱ «ሐሚዳ፣ ሰማዩ መጣልን!» ብሎ መሰላሉ ላይ ነው። ካሜራው የሚይዘው ስምንት ፎቶ ብቻ ነውና፣ አዲስ ኮከብ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። አንድ ቀን የሷን ፎቶ ሰርዞ ደረሰችበት።

«ለኮከብ ብለህ እኔን?»

«አንቺማ ነገም አለሽ፤ እሱ ሊጠልቅ ነው።»

«ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!»

አምስት። ድንኳኑ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ባሏ የሞተባት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ከደጃፏ አትወጣም፤ ወንዶች መሀል ገብታ ካሜራ ብትነጥቅ ደግሞ ወሬው ከአውቶቡሶቹ ቀድሞ ደሴ ይገባል። ስድስት። ሰባት።

ወደ ባሏ እናት፣ ወደ ወይዘሮ ሀጀር ጆሮ ተጠጋች። «እማዬ፣ ኢስሐቅን እያጠፋብኝ ነው።»

አሮጊቷ ነገሩ አልገባቸውም፤ የልጃቸው ስም ግን በቃቸው። «ያሕያ! አምጣው ወዲህ!»

ያሕያ በመስኮቱ አቀበለ። «አንድ ነው የቀረው፣ እማ። እሱም ባዶ!»

ከመዳፍ በምታንሰው የካሜራው መስታወት ውስጥ ጨለማ ነበር፤ ከጨለማው ዳር አንዲት ነጭ ነጥብ። ወይዘሮ ሀጀር በሻሻቸው ጫፍ ጠረጓት። አልለቀቀችም። ምራቃቸውን አስነክተው ደገሙ።

«አቧራ አይደለችም፣ እማዬ። ልጅዎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያመጣት ኮከብ ናት።»

አሮጊቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ የጠረጉበትን ጫፍ ገልብጠው፣ ከኮከቧ የነካው ነገር እንዳለ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ፈለጉ።