ቀጮን ወደ ግራጫው መመለስ

የዋይፋዩ ሳጥን የተቃጠለ ቀን እናትየው ትንፍሽ አላለችም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ በቃ። ልጅቷ ግን የእናቷን ዝምታ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከቁጣዋ ዝምታዋ ይብሳል።

የቤቱን ዕቃ ሁሉ ስም ያወጣለት ወንድሟ ነበር። ስልክ ጠጋኝ ስለነበር እጁ አርፎ አይቀመጥም። የእናቱን ስልክ «አለቃ» አለው፤ ቴሌቪዥኑን «ወሬኛው»። የእህቱን ስልክ «ቁንጫ» ብሎ ሰየመው፤ እሷንም የሚጠራት እንደዚያው ነው። የራሱን ደግሞ «ቀጮ»። በዚህ እንኳ ማንም አይከራከረውም፤ ነፋስ ያለ ቀን ኪሱን ድንጋይ ሳይሞላ አይወጣም እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ስሞቹን የጻፈው እያንዳንዱ ዕቃ ሆድ ውስጥ ነው። ዕቃው ከሳጥኑ ጋር ሲገናኝ «እኔ እከሌ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። ያለዚያማ ሳጥኑ ሁሉንም በቁጥር ነው የሚጠራቸው፣ እንደ እስረኛ።

ከዚያ እናቱን የሳጥኑን ገጽ በስልኳ ማየት አስተማራት። ቤት ያለ ዕቃ ስሙ አረንጓዴ ነው፤ የወጣ ግራጫ። የቀጮ ስልክ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ዋይፋዩን ይይዛል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናትና ስልኳን የስፌት መኪናዋ ላይ ታስደግፋለች፤ «ቀጮ» አረንጓዴ ሲሆን ስፌቱን አቁማ ምሳውን ለማሞቅ ትነሳለች። እሱ በር ሳያንኳኳ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁሌም እንደገረመው ያስመስላል፤ አንድም ቀን አላሳፈራትም።

አንድ ቀን ሞተሩን አስነስቶ እንደወጣ መንገድ በላው። ተቀበረ፤ ለቅሶ ደራሹም ተበተነ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእሱም ሳጥኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ለእናትየው ይኼ ቀላል ነገር አልነበረም። ግራጫ ማለት ወጥቷል ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ታየዋለች።

በተቃጠለው ፋንታ አዲሱን ሳጥን ይዞ የመጣው የመስመር ሠራተኛ ቀልደኛ ቢጤ ነው። ልጅቷ ሥራውን አላስጀመረችውም፤ ለአዲሱ ሳጥን የድሮውን ስምና የድሮውን የምስጢር ቃል ስጠው፣ ያኔ ዕቃዎቹ ቤታቸው መስሏቸው ሰተት ብለው ይገባሉ አለችው። ከወንድሟ የለቀመችው ዘዴ ነው። ሠራተኛው ሥራዬን ልትነጥቂኝ ነው ወይ ቢላት፣ መጀመሪያ አንተ መሥራትህን ልይ ብላ መለሰችለት።

እንዳለችውም ሆነ። አለቃ ገባ፤ ወሬኛው ገባ፤ ቁንጫ ገባች። እናትየው ገጹን በጣቷ ወደ ታች ሳበችው፣ ወደ ላይ መለሰችው፣ እንደገና ሳበችው።

«አንዱስ?» አለች።

ሠራተኛው ከየት ይወቅ። «እሱ ውጭ ይሆናላ፣ እናቴ» አላት። «አዲስ ሳጥን ያላየውን አያውቅም። ወደ ቤት ሲገባ ብቅ ይላል፣ አታስቢ።»

ልጅቷ እግሩን ልትረግጠው ከጀለች፤ ግን ምን ብላ? እናትየው «እሺ፣ ልጄ» ብላ ውሃ ቀዳችለት።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላት። የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ያቺ ዐይኗን ጨፍና እጅጌ የምትገጥም ሴት። ልጅቷ እጅጌውን ስትተረትርላት፣ እናትየው ዐይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ ተናገረች።

«መቃብሩንስ ሰው ያውቀዋል። የገዛ ቤቱ ግን አያውቀውም።»

ቁንጫ ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። የወንድሟ ስልክ ከልብሶቹ ጋር ቁምሳጥኑ ውስጥ አለ፤ መስተዋቱ ተሰነጣጥቋል እንጂ ይሠራል። ሐሳቧ አጭር ነበር፤ ስልኩን ማብራት፣ ሳጥኑ እንዲያየው ማድረግ፣ ከዚያ ማጥፋት። ግራጫው ይመለሳል። ግራጫ ለመሆን ግን መጀመሪያ አረንጓዴ መሆን ግድ ነው፤ ለአፍታ ቢሆንም። እሱን እናትየው ማየት የለባትም።

እናትየው የተስተካከለውን ቀሚስ ለጎረቤት ልታደርስ ስትወጣ ጠበቀችና ስልኩን አበራችው። «ቀጮ» አለ ሳጥኑ፤ አረንጓዴ። ልጅቷ በራሷ ስልክ ላይ አየችው። ልታጠፋው እጇን ስትልክ የግቢው በር ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ለካ እናትየው አለቃን ይዛ ነበር የወጣችው፤ ጎረቤትየዋም ከአጥሩ ወዲያ ናት፤ ዋይፋይን ደግሞ አጥር አያግደውም። ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ ቁንጫ ይኼን ሳታስብ ቀርታ ነበር።

እናትየው አንድ እግሯ በጫማ፣ ሌላው ባዶውን ገባች። ጓዳውን አየች፤ አልጋውን አየች።

«የት አለ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያበራሁት። ግራጫውን ልመልስልሽ ብዬ ነው። እንድታዪው አልነበረም።»

እናትየው በልጅቷ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ አጠገቧ ተንበርክካ አሁን አጠፋዋለሁ፣ አሁን አጠፋዋለሁ ትላለች፤ ጣቷ ግን ቁልፉ ላይ ደርሶ አይጫንም።

«አምጪው» አለች እናትየው። «የወለድኩት እኔ ነኝ። ባንቺ አይሆንም።»

የተሰነጠቀውን መስተዋት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ቁልፉን ተጭና ያዘች፤ ጠፋ።

ሁለቱም አለቃ ላይ አቀረቀሩ። ሳጥን ቶሎ አያምንም፤ ዕቃው ከጠፋ በኋላም ደጋግሞ ይጠራዋል፣ መልስ ሲያጣ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። «ቀጮ» አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ልጅቷም ይኼን ሁሉ የለፋችበትን ጉዳይ ረስታ፣ በልቧ ሳጥኑን ትለምነዋለች፤ አትመን፣ አንዴ ጥራው፣ እስቲ አንዴ ጨምረህ ጥራው።

ግራጫ ሆነ።

እናትየው ስልኳን መኪናዋ ላይ መልሳ አስደገፈችው። «በሩን ከፍቼው ነው የገባሁት» አለች። «ሂጂ ዝጊው።»

በሩ ወለል ብሏል፤ የእናትየው ጫማ ደፉ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። ልጅቷ ጫማውን አነሳችና በሩን ገፋችው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መግፋቱን አቆመች። መንገዱ ላይ የሌላ ሰው ልጆች ያልፋሉ። ቆማ አየቻቸው።

ከውስጥ እናትየው ተጣራች፤ ቀስ ብላ፣ ቁንጫ ብላ።

ዘጋችው።