የእትዬ ጥሩሰው ዋይፋይ

፩

ሦስተኛ፦ በኮምፒውተርዎ ላይ የተቀመጡት የዋይፋይ ስሞች ተዘርዝረው ይወጣሉ። ከማይፈልጉት ስም አጠገብ «አስወግድ» የሚል አለ፤ እሱን ይጫኑ። አለቀ።

፪

ርብቃ እባላለሁ። ሥራዬ የዕቃ መመሪያ መተርጎም ነው፤ የፍሪጅ፣ የካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እሠራለሁ። መመሪያ ላይ ሰው ሁሉ አንቱ ነው፣ ማንም አያለቅስም፣ ከአምስት እርምጃ የሚበልጥ ችግርም የለም። ስለዚህ የዛሬውንም ጉዳይ በቁጥር ልጨርሰው ብያለሁ። ከአምስት ካለፈ ጥፋቱ የእኔ ነው።

፫

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ላፕቶፔ ላይ የተገኙ፦

የድሮ መሥሪያ ቤቴ። ከለቀቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

አስወግድ።

«ኪሩ ሆም»። ኪሩቤል ልንጋባ ሁለት ወር ሲቀረን ሐሳቡን ቀየረ። እሱ ሄዶ ዋይፋዩ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ኖሯል። እንደ ዋይፋዩ ቢጸና ኖሮ ይኼኔ ባለትዳር ነበርኩ።

አስወግድ።

ሐዋሳ ያለ ሆቴል። አምስት ቀን ሥልጠና የተቀመጥኩበት። ስለ እነዚያ አምስት ቀናት መናገሬ አይቀርም፤ አሁን ግን አልፈልግም።

አስወግድ።

«ጥሩሰው ቤት»።

፬

እዚህ ኮንዶሚኒየም በገባሁ ሰሞን የጎን ጎረቤቴ እትዬ ጥሩሰው አንኳኩተው ገቡ። «ያለ ኢንተርኔት በምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ላፕቶፔን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና የይለፍ ቃሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ ራሳቸው ጻፉልኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

«ምን ያደርግልሻል? ከጠፋብሽ ትመጫለሽ፣ አስገባልሻለሁ» አሉኝ።

አልጠፋብኝም። ድሮ ጎረቤት ጨው ሲያልቅበት ያንኳኳ ነበር። እኔ የሚያስፈልገኝ ነገር በግድግዳ አልፎ ይመጣልኛል፤ ሰላም እንኳ ሳልል እወስዳለሁ። እሳቸው ግን ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ምሳ በልተሻል?» ሳይሉኝ አያልፉም ነበር።

፭

ይህን ቁጥር ዘለልኩት። አንባቢም ይዝለለው።

፮

እሺ።

እትዬ ጥሩሰው የሞቱት እኔ ሐዋሳ ሳለሁ ነው። ስመለስ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ጥበቃው ነገረኝ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ መግባት ነበረብኝ። ደክሞኛል፣ ነገ አልኩ። ነገ ሲመጣ ባዶ እጄን እንዴት አልኩ። ከዚያ ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ። አርባቸው ሲደርስ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚለኝን ሰው ሁሉ በሐሳቤ ደርድሬ፣ በሬን ቆልፌ ዋልኩ። ይኸው ስምንት ወር ሆነ።

ግድግዳ የሚጋራኝ ሰው ሞቶ ለቅሶ አልደረስኩም።

ባለቤታቸው ጋሽ ሽብሩ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ደህና ዋልሽ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ኮቴያቸውን ከሰማሁ እስኪያልፉ ከበሬ ኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። በዚህ ብሎክ ስሜን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። አፍሬያለሁ። ሰውም ናፍቆኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከቤት አያስወጡም።

፯

ዕቅድ።

ያለ ምክንያት ማንኳኳት አቅቶኛል፤ ስለዚህ ምክንያት እሠራለሁ። የሚሠራልኝ ዋይፋይ «ጥሩሰው ቤት» ብቻ ነው። ካጠፋሁት የይለፍ ቃሉን አላውቀውም። ሰኞ የማስረክበው የምድጃ መመሪያ አለ፤ የግድ አንኳኳለሁ። ጋሽ ሽብሩ ቃሉን ሲነግሩኝ፣ በዚያው «እግዜር ያጽናዎት» እላለሁ። የሞኝ ዕቅድ ነው። ሌላ አልመጣልኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን እርምጃ መመለስ አይቻልም።

አስወግድ።

፰

ጋሽ ሽብሩ፦ ማነው?

እኔ፦ ርብቃ ነኝ ጋሼ፣ ጎረቤትዎ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ግቢ፣ ግቢ።

እኔ፦ አልቆይም። ዋይፋዩ ጠፍቶብኝ ነው። የይለፍ ቃሉን ቢነግሩኝ ብዬ።

ጋሽ ሽብሩ፦ የምኑን?

እኔ፦ ፓስወርዱን። ሲገባ የሚጻፈውን።

ጋሽ ሽብሩ፦ እኔ ምን አውቄ ልጄ። የምታውቀው እሷ ነበረች።

እኔ፦ ስልክዎ ላይ የለም?

ጋሽ ሽብሩ፦ የእኔ ስልክ ይቺ በቁልፍ የምትደወለዋ ናት። የእሷን ታብሌት ልጃችን ወሰደችው፤ ውስጡ ያለውን አጥፍታ ለልጇ ሰጠችው።

እኔ፦ ታዲያ ዋይፋዩን ማን ይጠቀምበታል?

ጋሽ ሽብሩ፦ አንቺ ነሻ።

፱

ከበሩ ሆኜ አየዋለሁ፤ ሞደሙ ቡፌው ላይ ነው። አቧራ የለበትም።

ጋሽ ሽብሩ፦ ልጃችን አስቆርጠው ብላኝ ነበር። ያቺ ልጅ በምን ትሠራለች ብዬ ተውኩት። ይቺን አረንጓዴ መብራት አየሻት? አንቺ ስትሠሪ እርግብግብ ትላለች። ያኔ ርብቃ ቤቷ ገብታለች እላለሁ።

እኔ፦ ሁልጊዜ ያዩዋታል?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሌላ ምን አያለሁ?

መብራቷ በርታለች፤ ግን አትርገበገብም።

፲

ለአንባቢ ብቻ፦ ሞደም እንደ አዲስ ይጀመራል። ከኋላው ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ አሥር ሰከንድ መጫን ነው፤ ይህን መመሪያ እኔው ተርጉሜዋለሁ። ያኔ «ጥሩሰው ቤት» የሚለው ስምም አብሮ ይጠፋል። እትዬ ጥሩሰው በአንድ ጣት የለቀሙት ቃል የቀረው የእኔ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ካጠፋሁት ገና አሥር ደቂቃው ነው። ስሙ እንዳይጠፋ ስለ መርፌው ለጋሽ ሽብሩ አልነገርኳቸውም። የመጣሁበት ምክንያት ግን አለቀ፤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

፲፩

ጋሽ ሽብሩ ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ጋሽ ሽብሩ፦ የአርባዋ ቀን ሰው ከሄደም በኋላ በሩን አልዘጋሁትም። ርብቃ ሥራ ይዟት ነው፣ ትመጣለች አልኩ። ትወድሽ ነበር እኮ።

ቀና ብዬ አረንጓዴዋን መብራት አየሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምን አድርገንሽ ነው ልጄ?

፲፪

እኔ፦ አፍሬ ነው ጋሼ፤ እግዜር ያጽናዎት።